የሚያዝያ ሰርግ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ቬሎና አበባ መምረጥ ዓይን አዋጅ ሆነብኝ

የመንቆረር ልጅ
ጤና ይስጥልኝ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ሚያዝያ ውስጥ አንዱ እሑድ ሰርጌ ነው። ጠዋት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ተክሊል አለን። ከዚያ ፎቶ። ምሳ እናቴ ግቢ፣ ዳስ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ሙሽራው ቤተሰቦች፣ ወደ ሉማሜ እንሄዳለን። ማታ ጭፈራው እዚያ ነው። በማግስቱ መልስ።

ድግሱን እናቴና አክስቶቼ ይዘውታል። ለእኔ የተተወልኝ ቬሎውና አበባው ነው። ስልኬ በፎቶ ሞልቷል። ሁሉም ያምራል፣ አንዱን ቁርጥ አድርጎ መምረጥ ግን አቃተኝ።

ስለ ቁመናዬ ልንገራችሁ። አጠር ያልኩ ነኝ። ወገቤ ቀጭን ነው፣ ዳሌዬ ሰፋ ይላል፣ ትከሻዬ ጠበብ ያለ ነው። ልቤ ያረፈው ሜርሜድ በሚሉት ላይ ነው። እስከ ጉልበት ልክክ ብሎ ወርዶ ከታች የሚበተነው። እጅጌው ደግሞ ከትከሻ ወርዶ ክንድ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት። አበባው ሙሉ በሙሉ ነጭ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ጽጌረዳና ሊሊ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት አስቤያለሁ። ጎጃም ውስጥ የተሞሸራችሁ፣ የምትሰፉ፣ አበባ የምትሠሩ ካላችሁ ሐሳባችሁን ስጡኝ። ቬሎውን ልከራይ ወይስ ላሰፋ የሚለውንም ገና አልወሰንኩም።

ጣና ዳር
እልልልል! እንኳን ደስ አለሽ። የአብርሃም የሳራ ያድርግላችሁ። ጊዜ እያለሽ መጠየቅሽ ጥሩ ነው፣ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን። ባለሙያዎቹ እስኪመጡ እኔም እከታተላለሁ። የእህቴም ሰርግ ደርሷል።

ባለመርፌ፣ ደምበጫ
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ደምበጫ ልብስ እሰፋለሁ፣ የኪራይ ቬሎም በሙሽራ ልክ አስተካክላለሁ። ስለ ቬሎው የማውቀውን ልንገርሽ፣ አበባውን ለአበባ ሰዎች እተዋለሁ።

አጠር ላለች፣ ወገቧ ለተለየና ዳሌዋ ሰፋ ላለ ሙሽራ ከወገብ ጀምሮ ቀስ እያለ እየሰፋ የሚወርድ ቀሚስ ብዙ ጊዜ ያምርባታል። ኤ ላይን የሚሉት ነው። የወገቡ ስፌት ከእውነተኛው ወገብሽ አንድ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ እግርሽ ረዝሞ ይታያል። ከደረት ወደ ታች የሚሄዱ ቀጥ ያሉ ስፌቶች ቁመት ይጨምራሉ። ዳሌ ላይ በአግድም የተሰፋ ጌጥ፣ ሰፊ ሪቫን፣ ድርብርብ ሽንሽን ግን ቁመትሽን ለሁለት ይቆርጠዋል። ትከሻሽ ጠበብ ካለ የአንገቱ ቅርጽ ወደ ጎን ሰፋ ቢል ዳሌሽንና ትከሻሽን ያመጣጥነዋል።

ሜርሜድ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ወገብና ዳሌ ያላት ሴት ናት የሚያምርባት። ችግሩ የሚበተንበት ቦታ ነው። ጉልበት ላይ ወይም ከጉልበት በታች ከተበተነ አጭር እግርን ይበልጥ ያሳጥራል። ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ ጭን መሀል አካባቢ ቢጀምር ይሻላል። እንዲያም ሆኖ መኪና ውስጥ መግባት፣ ደረጃ መውጣት፣ ሉማሜ ድረስ ተቀምጦ መሄድ አለ። ቆመሽ በመስታወት ብቻ አትምረጪው።

አንድ ትልቅ ነገር። ሰርግሽ ከፋሲካ በኋላ ነው። ልክሽን ሁዳዴ ላይ ከወሰድሽ የምትለኪው በ55 ቀን ጾም የቀለለ ሰውነትሽን ነው። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮውም ቅቤውም ይመጣል። ስለዚህ ጀርባው በዚፕ ከሚዘጋ ይልቅ በማሰሪያ ተጠላልፎ የሚታሰረውን ምረጪ። ሲጠብም ሲሰፋም ይታዘዛል። ዚፕ ከሆነ ግን የጎን ስፌቱ ውስጥ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ መኖሩን ገልብጠሽ እይ። ብዙ የኪራይ ቬሎ ተቆርጦ ያለቀ ነው፣ ማጥበብ እንጂ ማስፋት አይቻልም።

የደጀኗ እናት
የኔ ልጅ፣ እንኳን ለዚህ ወግ ማዕረግ አበቃሽ። ሦስት ሴት ልጆች ድሬያለሁ። እኔ ስለ ቅርጹ ብዙ አላውቅም፣ ስለ ቀኑ ግን ልንገርሽ።

ተክሊል ማለት ከቅዳሴ ጀምሮ መቆም ነው። ጾመሽ ነው የምትቆሚው። ትከሻሽም ጸጉርሽም መሸፈን አለበት። ካባው ከላይ ይደረብልሻል፣ እሱ ራሱ ክብደት አለው። ቬሎሽ ትከሻው ላይ ድንጋይና ዶቃ የበዛበት ከሆነ ካባው ይይዘዋል፣ ይጎትተዋል። ጫማሽን ደግሞ ደጅ ነው የምታወልቂው። በታኮ ጫማ የተለካ ቀሚስ ባዶ እግርሽን ስትሆኚ መሬት ይጠርጋል፣ ትረግጪዋለሽ። ይህን ሚዜዎችሽ አስቀድመው ይወቁት፣ ከፊት ከፍ አድርገው ይያዙልሽ።

ሁለተኛው ጉልበት መሳም ነው። ከቤት ስትወጪ የእናት የአባትሽን ጉልበት ትስሚያለሽ። ሉማሜ ስትደርሱ የአማቶችሽን፣ የአያቶችን፣ የሽማግሌዎችን። ተንበርክከሽ ተነሺ፣ ተንበርክከሽ ተነሺ ነው ልጄ። ያ ጉልበት ላይ የሚታሰር ቀሚስ እንዴት ያንበረክክሻል? ምርቃት በጎንበስታ ብቻ አይወሰድም።

ሦስተኛው እስክስታ ነው። ጎጃም ላይ ሙሽራ ትከሻዋ ታስሮ ቆማ ስታይ ያሳዝናል። ማሲንቆው ሲመታ፣ ዘመድ በክብ ሲከብሽ፣ አንቺ ደግሞ ትከሻሽን ማንሳት ሲያቅትሽ አስቢው። እጅጌው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ነገር በደንብ አስቢበት።

የመንቆረር ልጅ
እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጉልበት መሳሙ ነገር ሐሳቤን ቀየረው። አያቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነው የሚመርቁኝ፣ ጎንበስ ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈልግም። ስለዚህ ሜርሜዱን ተውኩት። ግን ያ ከትከሻ ወረድ ያለው እጅጌ በጣም ነው የምወደው። ባለመርፌ፣ እሱን እስክስታ በሚያስችል መንገድ መሥራት ይቻላል?

ባለመርፌ፣ ደምበጫ
ይቻላል። መጀመሪያ ለምን እንደሚይዝ ልንገርሽ። ያ እጅጌ ክንድሽን ከቀሚሱ ደረት ጋር ያስረዋል። ክንድሽን ስታነሺ ደረቱ አብሮ ይነሳል። ትከሻሽን ስታርገፈግፊ ደግሞ እጅጌው ወደ ክርንሽ ይወርዳል፣ ቀሚሱም ይከተላል። ሙሽሮች ሌሊቱን ሙሉ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሲጎትቱ የምታይው ለዚህ ነው።

መፍትሔው እጅጌውን ከቀሚሱ መለየት ነው። በድብቅ ቁልፍ ወይም በመንጠቆ የሚያያዝ አድርጌ እሰፋዋለሁ። ለፎቶና ለምሳ ታደርጊዋለሽ፣ ጭፈራ ሲጀመር ታወልቂዋለሽ። እጅጌው ውስጥ ሰፋ ያለ ላስቲክ ከገባበትም ብዙ ይታገሳል።

ቀሚሱን የሚይዘው ደግሞ ትከሻ ሳይሆን ወገብ መሆን አለበት። ጥሩ ቬሎ ከውስጥ በኩል ወገብ ላይ የሚታሰር ጠንካራ ቀበቶ አለው። ውጪ አይታይም። የጁፖኑን፣ ማለት ከሥር የሚለበሰውን ማስፊያ፣ የጨርቁንም ክብደት እሱ ይሸከማል፣ ደረቱ ከቦታው አይንሸራተትም። ልትከራዪ ስትሄጂ ቀሚሱን ገልብጠሽ ይህ ቀበቶ አለው ወይ ብለሽ እዪ። ከሌለው በግማሽ ቀን የሚሰፋ ነገር ነው።

ስትለኪ እንዲህ አድርጊ። ወንበር ላይ ተቀመጪና ትንፋሽሽን ሳቢ። ተንበርከኪ፣ ሰው ሳይደግፍሽ ተነሺ። ሁለት እጅሽን እስከ ፊትሽ ድረስ አንሺ፣ ጉርሻ ልትሰጪ ነዋ! ከዚያ ስልክሽ ላይ ዘፈን ክፈቺና ትከሻሽን በደንብ ምቺው። ባለሱቋ ቆማ ብታይሽም ግድ አይስጥሽ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀሚሱ ከቦታው ካልተነቃነቀ ያ ቬሎ የአንቺ ነው።

ከኋላ የሚጎተተውን በተመለከተ፣ ረጅም ጅራት ያለው ከሆነ ከወገብ በታች መንጠቆና ቀለበት ይደረግለት። ከፎቶ በኋላ ተሰብስቦ ይንጠለጠላል። ዳስ ውስጥ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ እርጥብ ቄጤማ ላይ የተጎተተ ነጭ ጨርቅ ጠርዙ አረንጓዴ ይሆናል። ሣር የነካው ሳቲን ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። የኪራይ ከሆነ መያዣሽን ያስቆርጥሻል።

ኪራይ ወይስ ማሰፋት ላልሽው፣ ልክሽ የተለመደ ከሆነ ኪራይ ይበቃል። ያንቺ ግን ወገብና ዳሌሽ የተለያየ ቁጥር ስለሚለብስ ብዙ ማስተካከል ይፈልጋል። ባለቤቶቹ መቁረጥ ካልፈቀዱልሽ ማሰፋት ይሻልሻል። ከተከራየሽም ጁፖኑ፣ መሸፈኛውና ዘውዱ አብረው መሆናቸውን፣ መልሰሽ የምታስረክቢው መቼ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከሰርጉ ማግስት መልስ ስላለ ሰኞ ጠዋት የሚመልስልሽ ሰው ያስፈልግሻል።

ካሜራ፣ ፍኖተ ሰላም
የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ። ከካሜራ በኩል የሚታየውን ልጨምር።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ በጣም ደማቅ ነጭ አለ። ወተትማ አለ። ክሬም አለ። ደማቁ ነጭ በእኩለ ቀን ፀሐይና በፍላሽ ከመጠን በላይ ይነጣና የዳንቴሉ ጥልፍ ሁሉ ይጠፋል። ወተትማው ግን ጥልፉን ያሳያል፣ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳም ሙቀት ይሰጣል። ጨርቁን ሱቅ ውስጥ ባለ አምፖል አትምረጪው። ይዘሽው ወደ በር ውጪ፣ ፊትሽ ሥር አድርጊው፣ እህትሽ በስልክ ታንሳሽ።

ሌላው ጎንሽ የሚቆመው ነው። ካባው ወርቃማ ጥልፍ አለው። እናቶቻችን በነጭ ፈትል ነው የሚመጡት። በጣም ክሬም የሆነ ቬሎ ከነጭ ነጠላ አጠገብ ሲቆም የቆየ ልብስ ይመስላል። ስለዚህ ነጠላ ይዘሽ ሂጂና አጠገቡ አድርገሽ አወዳድሪ።

ቡኬውን፣ በእጅሽ የምትይዢውን አበባ ማለቴ ነው፣ ሙሉ ነጭ ማድረግ አልመክርም። ነጭ ቀሚስ ላይ ነጭ አበባ ፎቶ ላይ ይዋጣል፣ እጅሽ ባዶ ነገር የያዘ ይመስላል። ነጩን ከወደድሽው ዙሪያውን አረንጓዴ ቅጠል ይኑረው፣ ወይም ጥቂት ቀለም ይግባበት።

አያያዙም አለ። ሙሽሮች ሲደነግጡ ቡኬውን ደረታቸው ላይ ያወጡታል። ያን ጊዜ የቀሚሱ ደረት ይሸፈናል፣ ትከሻ ይነሳል፣ አንገት ያጥራል። እጅሽን እምብርትሽ አካባቢ አሳርፊ፣ ክርንሽን ከጎንሽ ትንሽ አርቂው። ቀጭን ወገብሽ የሚታየው ያኔ ነው። ይህን ለሚዜዎችሽም ንገሪያቸው። እኔ ሁልጊዜ የምጮኸው «ዝቅ! ዝቅ!» እያልኩ ነው።

የአበባ ቤት፣ ባሕር ዳር
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። ዘግይቼ መጣሁ፣ ግን ስለ አበባው ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ወሩን እንይ። ሚያዝያ በእኛ አገር ከሞቃታማዎቹ ወራት አንዱ ነው። ባሕር ዳር ቀን ቀን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ደብረ ማርቆስ ከፍታው ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀለል ይላል፣ አበባ ይወደዋል። የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ያለው ሙቀት መኪና ውስጥ ያለን አበባ ያበስለዋል። ስለዚህ ያን መንገድ የሚችል አበባ ምረጪ።

ጽጌረዳ ይችላል። አገራችን ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ብዙ ጽጌረዳ ወደ ውጭ የምትልክ ናት፣ እንደ ሆለታ ካሉ ደጋማ ቦታዎች የሚመጣው ደግሞ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው። ደጋ ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እንቡጡ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ለዚህ ነው የሚተልቀው። ለቡኬ ይህ ጥሩ ነው፣ በጥቂት ዘንግ ይሞላልሻል። ካርኔሽን ከሁሉም በላይ ታጋሽ ነው። ሰው ርካሽ ነው ብሎ ይንቀዋል፣ ተሰብስቦ ሲታሰር ግን በጣም ያምራል። ጂፕሶ የሚሉት ደቃቅ ነጭ አበባ ለመሙያ ይሆናል። ሃይድራንጃ የሚሉትን ትልቅ ክብ አበባ ለቡኬ አትምረጪ፣ ከውሃ ሲወጣ ቶሎ ይጠወልጋል። ግቢ ውስጥ ያለው ቡገንቪልም ዛፉ ላይ ነው ውበቱ፣ ተቆርጦ አይቆይም። አደይ አበባን የሚጠይቁኝ ሙሽሮች አሉ። እሱ የመስከረም ነው፣ ሚያዝያ ላይ አይገኝም።

ሊሊ ላይ ተጠንቀቂ። ሽታው ኃይለኛ ነው፣ በተዘጋ መኪና ሉማሜ ድረስ ራስ ያዞራል፣ በተለይ ጾመሽ ከዋልሽ። መሀሉ ላይ ደግሞ ቡናማ ዱቄት የተሸከሙ ክሮች አሉት። ያ ዱቄት ቬሎ ከነካ ይቀባል። ከወደድሽው አበባው ገና ሲከፈት ክሮቹን በጣት ለቅመሽ አውጪያቸው። ዱቄቱ ጨርቅ ላይ ከወደቀ በእጅ አትሺው፣ ውሃም አታስነኪው። አራግፊው፣ የቀረውን በፕላስተር ማጣበቂያ ጠቅ ጠቅ እያደረግሽ አንሺው።

መጠኑን በተመለከተ፣ አጠር ላለች ሙሽራ ክብ፣ ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ቡኬ ይበቃል። ወደ ታች የሚፈስ ረጅም ቡኬ ቁመት ላላትና ሰፊ ቬሎ ለለበሰች ነው የሚሆነው። ቀለሙን ስትመርጪ እጅሽንም አስቢ። እንሶስላ ወይም ሂና ትቀቢያለሽ አይደል? የቀላ እጅ የያዘው ቡኬ ውስጥ ፒችና ክሬም ጽጌረዳ ሲገባ እጅሽና አበባው ይግባባሉ። ደማቅ ሮዝ ከሆነ ግን ይጣላሉ። እንሶስላውን ቀደም ብለሽ ሙቂ፣ ቬሎሽን ከመልበስሽ በፊት ቀለሙ ደርቆ ይረፍ።

ቆጣቢዋ
እኔ ደግሞ ሰው ሠራሽ አበባ ይሻላል ባይ ነኝ። አይጠወልግም፣ የዓባይን በረሃም አይፈራም፣ ከሰርጉ በኋላም ይቀመጣል። የዳስ መግቢያ፣ የመድረክ፣ የመኪና ሁሉ ከተፈጥሮ ይሁን ከተባለ ወጪው ከባድ ነው። ሁሉም ሰው አይችለውም። የተረፈው ገንዘብ ለትዳር መጀመሪያ ይሆናል።

የአበባ ቤት፣ ባሕር ዳር
ቆጣቢዋ ያልሽው ተገቢ ነው። እኔም ለመድረክ ከፍ ያለውን ክፍል በሰው ሠራሽ እሠራለሁ። ሰው ከሩቅ ነው የሚያየው፣ ማንም አይነካውም። መኪናም ላይ ነፋስና ፀሐይ ስላለ ሰው ሠራሹ ይችለዋል። ቡኬው፣ የሙሽራው ደረት ላይ ያለችው ትንሽ አበባና የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ግን የተፈጥሮ ቢሆኑ እላለሁ። ቡኬ በቅርብ ይታያል፣ ይሸተታል፣ ፎቶ ላይ የፕላስቲክ ጠርዝ ይታወቃል። በዚህ መንገድ ወጪው በጣም ይቀንሳል።

የደጀኗ እናት
ስለ ሽታ ካነሳችሁ አሪቲ አትርሱ። እናትሽ ግቢ ይጠፋል ብዬ አላስብም። አሪቲና ጠጅ ሣር ቡኬው ውስጥ ቢገባ ሙሽራዋ ባለፈችበት ሁሉ ደስ ይላል። ዳሱ ላይም ቄጤማው መሀል ጠጅ ሣር ጣል ጣል ይደረግ፣ ሰው ሲረግጠው ሽታው ይነሳል። በእኛ ጊዜ ቡኬ የሚባል አልነበረም፣ ሙሽራ ግን ያለ መልካም ሽታ አትወጣም ነበር። አደስ በቅቤ ጸጉሯ ላይ ይደረግላት ነበር።

የአበባ ቤት፣ ባሕር ዳር
እትዬ በጣም ትክክል ነዎት። የአሪቲ ቅጠል ብርማ አረንጓዴ ነው፣ ከክሬም ጽጌረዳ ጋር ሲታሰር እጅግ ያምራል። እኔ እሠራዋለሁ። ሙሽሪት፣ አሪቲውን ጠዋት በማለዳ ቁረጡት፣ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይግባ።

የአዊ ልጅ፣ እንጅባራ
ለዳሱ መግቢያ ሐሳብ ልስጥ። ከእንጅባራ ቀርከሃ አምጡ። እኛ ጋ መንገድ ዳር የሚሸጡት ባለሙያዎች ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ አይደለም የሚሠሩት፣ ቅስት ሥሩልን ብትሏቸው ይሠራሉ። በርጥቡ ሲሆን በደንብ ይታጠፋል። ቅስቱ ራሱ ስለሚያምር በአበባ መሸፈን የለበትም። አንዱ ጎን ላይ ብቻ ጽጌረዳና ቅጠል ማሰር ይበቃል። በሚያዝያ በእኛ በኩል ዝናብ ሊጀምር ይችላል፣ እናንተም ጋ ደመና ካያችሁ ቅስቱን ከሸራው ሥር አስገቡት።

የፈትል ወዳጅ
ስለ መልሱስ ምነው ማንም አላነሳም? ለእኔ ከቬሎው ይልቅ የመልሱ ቀሚስ ነው ዋናው። ቬሎ አንድ ቀን ነው፣ የአገር ልብስ ግን ዕድሜ ልክ ይለበሳል። ጥሩ ሸማኔ ፈልጊ፣ ጥለቱን አንቺ ራስሽ ምረጪ። የምትችይ ከሆነ ገንዘቡን እዚያ ላይ አውይው።

ባለመርፌ፣ ደምበጫ
እስማማለሁ። ቁመቷን ግን እዚያም አንርሳ። ሰፊ ጥበብ ታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ሲዞር አጠር ያለችን ሙሽራ ወደ መሬት ይጎትታታል። ጥበቡ ከአንገት ጀምሮ ፊት ለፊት መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቢወርድ፣ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ጠበብ ቢል ቁመቷ ይረዝማል። መቀነቱን ከቀሚሱ ጋር በአንድ ቀለም አድርጊው።

ፈትሉ ከመቆረጡ በፊት በውሃ ይለፍ። የእጅ ሽመና ይሰበሰባል፣ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ያጥራል። ክሩም ስለሚላላ ወገብና ብብት ላይ ሥሩ ገበር ይግባበት፣ አለበለዚያ ስፌቱ ይከፈታል።

የመንቆረር ልጅ
ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። እናቴንም አጠገቤ አስቀምጬ አነበብኩላት፣ የደጀኗን እናት «እኔ ያላልኩትን ሁሉ አሉልኝ» አለች።

እንዲህ ወስነናል። ቬሎው ይሰፋል። ከወገብ የሚሰፋ፣ ወተትማ ነጭ፣ ጀርባው የሚታሰር፣ እጅጌው የሚወልቅ። ጅራቱ አጭር ይሆናል፣ መንጠቆም ይደረግለታል። ቡኬው ክሬምና ፒች ጽጌረዳ ከአሪቲ ጋር። ሊሊውን ትቼዋለሁ። ዘንጉ በሳቲን ሪቫን ፋንታ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ በተቆረጠ ጥለት ይጠቀለላል። ይህ የእናቴ ሐሳብ ነው፣ ሳስበው እንባዬ ይመጣል። መድረኩና መኪናው ላይ ቆጣቢዋ ያለችው ይሆናል። ቀርከሃውን አጎቴ ከእንጅባራ ያመጣልናል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ጽጌረዳውን የአክስቴ ልጅ በመኪናው ከአዲስ አበባ ይዞት ይመጣል፣ እንዴት ይያዘው? ሁለተኛ፣ ባለመርፌ፣ አንቺ ጋ መጥቼ ብትለኪኝ ደስ ይለኛል። መቼ ልምጣ?

የአበባ ቤት፣ ባሕር ዳር
ሰርጉ እሑድ ከሆነ አበባው ዓርብ ይግባ። ጽጌረዳ እንቡጡ ጠበቅ ያለውን ይግዛ፣ እስከ እሑድ ውሃ ውስጥ ይከፈታል። ዓርብ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሳ። በረሃውን ረፋድ ላይ ካለፈው ሙቀቱ አይበረታበትም። ካርቶኑ መኪናው ውስጥ፣ ከሰው ጋር ይሁን፣ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር አይሁን። ፍራፍሬ ከገዛ ከአበባው ያርቀው። የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አበባን ያስረጀዋል። ካርኔሽንና ጂፕሶ በተለይ አይችሉትም። ቤትም ስትደርሱ አትክልትና ፍራፍሬ ያለበት ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት።

እንደደረሰ የዘንጉ ጫፍ በሹል ቢላ በሰያፍ ይቆረጥ፣ ሁለት ጣት ያህል። ውሃ ውስጥ የሚገባው ክፍል ላይ ቅጠል አይኑር። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሩ። በረኪናውን በመጨረሻ፣ ውሃው ውስጥ ጨምሩት እንጂ ከሎሚው ጋር ለብቻው አትደባልቁት። ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ክፍል ይቀመጥ። ቅዳሜ ውሃው ይቀየር። ቡኬውን ቅዳሜ ማታ እሠራዋለሁ፣ ለሌላ ሥራም ደብረ ማርቆስ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ቡኬው ከሚዜሽ ጋር ውጪ ውሃ ውስጥ ይቆይ። አንቺ ጧፍ ነው የምትይዢው።

ባለመርፌ፣ ደምበጫ
ደስ ብሎኝ ነው የምጠብቅሽ። አሁኑኑ ነይና ዋናውን ልክ እንውሰድ፣ ጨርቁንም አብረን እንምረጥ። የመጨረሻው ልክ ግን ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ይሆናል። ያን ጊዜ የምታደርጊውን ታኮ ጫማና የውስጥ ልብስ ይዘሽ ነይ። ካባውን ቀድመሽ ማግኘት ከቻልሽም አምጪው፣ ላዩ ላይ ደርበን እናየዋለን። ርዝመቱን በጫማም በባዶ እግርም ለክቼ መሀሉን እወስዳለሁ። አንዲት ሚዜሽን አስከትያት፣ ማሰሪያውን እንዴት እንደምታጠብቅና ጅራቱን እንዴት እንደምትሰቅል አሳያታለሁ።